እቴጌ ጣይቱና ያልተለቀሰው ለቅሶ

በጃናሞራ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሟቹ በሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ፥ ሽማግሎችና የንስሓ አባት ተሰብስበው፥ ዘመድ ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ ደጁን ያንኳኳሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ ያየች እናት ነገሩን ሳይነግሯት ታውቀዋለች። ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ ወንዶች ጋቢያቸውን አደግድገው ይመጣሉ፤ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፤ ጎረቤት እዝን ተሸክሞ ይደርሳል። ሳልስቱ፥ አርባው፥ ተዝካሩ፥ ሙት ዓመቱ በየተራው ይከተላል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን የሚጀምረው በመርዶ ነው። መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ያላለቀሰም ሰው አይጽናናም።

እኛ ይህን የተማርነው በልጅነታችን በመንደራችን ከደረሰ አንድ ነገር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከሌሎች ጐረምሶች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወርዶ በወባ ሞተ። ወሬው የደረሰው በኅዳር ወር፥ ገብሱ ገና ከማሳ ሳይነሣ ነበር። ሽማግሎች መከሩና፥ እናቲቱ አዝመራዋን እስክትሰበስብ ድረስ መርዶው እንዲቆይ ወሰኑ። ሐሳባቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ገብሷ ሜዳ ላይ ቢቀር ክረምቱን የሚያወጣት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ወር የማርያም ማኅበር ተራው የርሷ ሆነ። ጠላ ጠምቃ፥ ዳቦ ጋግራ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ጽዋው ሲነሣ ማርያም ልጇን በሰላም እንድትመልስላት ለመነች፤ እኛም ከእናቶቻችን ጉያ ተቀምጠን፥ ዳቦዋን በእጃችን ይዘን፥ አሜን አልን። በዚያ ቤት ውስጥ ልጁ መሞቱን የማታውቅ እርሷ ብቻ ነበረች።

መርዶው በታኅሣሥ ሲነገራት ስለ ልጇ አለቀሰች። ከሁሉ ይልቅ አምርራ ያለቀሰችው ግን ያንን አሜን ነበር። የሞተውን እግዚአብሔር ወሰደው፤ ያን ቀን ያሣቋት ግን ጎረቤቶቿ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በደጇ ስናልፍ ቀና ብለን ልናያት አልደፈርንም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመጣን በኋላ የአገራችንን ታሪክ ስናነብ፥ ይህን የመሰለ ነገር በአንድ መንደር ሳይሆን በመላው ኢትዮጵያ ላይ ደርሶ እንደ ነበረ አየን። መርዶው የተደበቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሞት ነው። ለቅሶዋን ለብቻዋ የተሸከመችውም ሴት በዘር የኛው የስሜን ሰው፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስለ ዐድዋ ጀግንነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን ሕይወታቸውን ከዚህ ከለቅሶው ጫፍ ይዘን ልንተርከው ፈለግን።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት ነው። አባታቸው ብጡል፥ ስሜንን ይገዙ ከነበሩት ከኃይለ ማርያም ቤት የተወለዱ፥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ከስሜን ተነሥተው ትግሬን ጭምር የገዙ ብርቱ መስፍን ነበሩ። በጃናሞራ የምትገኘውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ዘውድ ለመጫን ያሰቡትም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል ነሧቸው። ጥቂት ቀናት ሳይቈይ፥ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የጃናሞራ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከሚሰማቸው ተረቶች አንዱ ይኸው ነው፤ አንዱ ድግሱን ደገሰ፥ ሌላው በላው።

ውቤ ታሠሩ። ልጃቸውን ጥሩ ወርቅን ግን ዐፄ ቴዎድሮስ አገቧት፤ ከርሷም ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፥ የንጉሠ ነገሥቱን ለቅሶ የሚያለቅስ አገር አልነበረም፤ አምባው በእንግሊዝ ጦር ተይዞ፥ መዝገቡና ቅርሱ እየተዘረፈ ነበር። ጥሩ ወርቅ ከዚያው ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በግንቦት ወር በመንገድ ሞተች። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። እንግዲህ በጣይቱ ቤተ ዘመድ ዘውድና ኀዘን የተያያዙት ገና ከልጅነታቸው ጀምሮ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ሚስት ምን እንደሚገጥማት ከአጎታቸው ልጅ ከጥሩ ወርቅ ዕጣ ሊያዩት ችለዋል።

ጣይቱ በጊዜው ለሴት ብርቅ የነበረውን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በገና መደርደራቸውም ይነገርላቸዋል። ቀድሞ ሌላ ትዳር አይተው ነበር። በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን አገቡ። የቁርባን ጋብቻ ሞት ካልሆነ በቀር የማይፈታው ስለ ሆነ፥ ይህ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቤት እንዲሠራ አደረጉና ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ በሁለተኛው ቀን፥ ጥቅምት 27፥ ጣይቱ እቴጌ ተባሉ።

በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ ከመኳንንቱ ሁሉ ይልቅ የጸኑት እቴጌይቱ ነበሩ። ጦርነቱ በመጣ ጊዜም የራሳቸውን ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ ጣልያን በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ ሠራዊታቸው የውሃውን ምንጭ ያዘበት፤ ምሽገኛውም ጥሙ ጠንቶበት በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ሴቶቹን አሰልፈው ለተጠማው ውሃ፥ ለቈሰለው እርዳታ አደረሱ። ይህን ሁሉ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለ ሰማነው አናስረዝመውም።

ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ምኒልክ በሽታ ጸናባቸው፤ በመጨረሻም ሰውነታቸው ዝሎ አንደበታቸው ታሠረ። በዚህ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እኛ የአገራቸው ልጆች ስለ ሆንን እውነቱን ልንደብቅላቸው አይገባንም፤ ሹመቱን ወደ ዘመዶቻቸው አደሉ፥ በጋብቻም የሰሜኑን ቤት ከዘውዱ ጋር ሊያስተሳስሩ ጣሩ። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ያገባውም በርሳቸው ምክር ነው። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ወራሽነቱ የታወጀለትን ልጅ ኢያሱን አልወደዱትም። የሸዋ መኳንንት ይህን ፈሩና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ሴት ወደ አልጋው ራስጌ ተመለሱ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አስታመሙ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሞቱ። መርዶ ግን አልተነገረም። አስከሬናቸው ያለ አዋጅና ያለ ሥነ ሥርዓት፥ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ባለችው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ። መድፍ አልተተኰሰም፤ ፈረሳቸው ተሸልሞ፥ ጋሻና ጦራቸው ተይዞ፥ አልቃሽ እየመራ ሕዝቡ በአደባባይ አላለቀሰም። ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም፤ በጎንደር ዘመን የዐፄ በካፋ ሞት ወራሹ እስኪደላደል ድረስ ተሰውሮ እንደ ነበረ ይባላል። ንጉሥ ሞተ ከተባለ ገበያ ይፈታል፥ ሽፍታ ይነሣል፥ ባላንጣ ይደፍራል የሚል ፍርሃት ነበረ። የመንደራችንም ሽማግሎች ስለ ገብሱ ያሰቡት እንዲሁ ነበር።

ነገር ግን የበካፋ ሞት የተሰወረው ለጥቂት ጊዜ ሲሆን፥ የምኒልክ ለዓመታት ነው። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን፥ ልጅ እንደ ተባለ ገዛ። አሮጌው ዘመን በለቅሶ ስላልተዘጋ አዲሱ በዘውድ ሊከፈት አልቻለም። እስከ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት ኢያሱ ተሽሮ ዘውዲቱ እስከ ነገሡበት ቀን፥ አገሪቱ በዚህ ሁኔታ ቈየች። ወዲያውም በጥቅምት ወር በሰገሌ ሜዳ ወንድማማች ተላለቀ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የተደበቀው መርዶ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን መርዶን መደበቅ ሰላምን እንዳላተረፈ ማንም ያየዋል።

እቴጌ ጣይቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወደ እንጦጦ ተሰደዱ። ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ፥ ከስማቸው ጋር የተያያዘችውን አዲስ አበባን ከበላይ እያዩ ተቀመጡ። በዘመናቸው የነበሩት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባላቸው በ1861 እ.ኤ.አ. ከሞተ ጀምሮ 40 ዓመት ያህል ጥቁር ለብሰው ሲኖሩ፥ አገሩ ሁሉ ኀዘናቸውን ያውቅላቸው ነበር፤ ለባላቸውም ሐውልት ቆሞለታል። በእንጦጦ የነበሩት እቴጌ ግን ባላቸው በአዋጅ ገና አልሞተም ነበር። በጃናሞራ ያለች ድኻ ባልቴት እንኳ የምታገኘውን፥ አብሮ የሚያለቅስ አገር፥ የኢትዮጵያ እቴጌ አጣች። እኛን ከዐድዋው ይልቅ የሚያስደንቀን ይህን መቻላቸው ነው።

ዘውዲቱ በነገሡ በዓመቱ፥ በኅዳር 1910 ዓ.ም. ገደማ፥ እቴጌ ጣይቱ ወደ ጎንደር ሄደው ዕድሜያቸውን በዚያ እንዲፈጽሙ ፈቃድ ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ የስሜን ልጅ ወደ ሰሜን ብትመለስ ጦር ይከተላታል ተብሎ ይፈራል። ሆኖም በዚያ ዕድሜ፥ ሥልጣንም ባልም ልጅም የሌላት ሴት ወደ አገሯ መሄድ የፈለገችው ለጦርነት ይመስላችኋልን? በኛ አገር ሰው ሲያረጅ የሚመኘው፥ ስሙን የሚያውቅ ሰው በተሰበሰበበት ተለቅሶለት መቀበርን ነው። ሦስት ወር ያህል ቆይተው፥ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ዛሬ አጽማቸው ከምኒልክና ከዘውዲቱ ጋር በታእካ ነገሥት በአታ ለማርያም ይገኛል። በሕይወት ሳሉ የተነፈጉትን፥ በባላቸው አጠገብ በግልጥ መሆንን፥ በመቃብር አገኙት።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ ሰንደቅ ዓላማ ይዘን እንወጣለን፤ የእቴጌይቱንም ስም እንጠራለን። ከዚያ 19 ቀን ቀደም ብሎ የሚውለውን የካቲት 4ን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ድል ባደረገችው ሴት መኩራት ቀላል ነው፤ ለቅሶዋን የከለከልናትን ሴት ማሰብ ግን ይከብዳል፤ የሚያሳፍረን እኛኑ ነውና። በዚያ ቀን አንዳንዶቻችን እንኳ ወደ በአታ ወጥተን ብንቆም፥ ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ መድረስ ነው።

ያች ጎረቤታችን ዛሬም በሕይወት አለች። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን በገባን ጊዜ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቷ ገብተን፥ ያን ቀን እኛም እናውቅ እንደ ነበረ ነገርናት። ልጆች ስለ ነበርን እንደማትፈርድብን ገለጠችልን፤ ቀጥላም ቆሎ አቀረበችልን። ከዚያ ስለ ልጇ፥ ስለ መልኩና ስለ ጨዋታው፥ እስኪመሽ ድረስ ስታወራ አመሸን። እኛም ስንሰማ አለቀስን፤ ያን ጊዜ ማልቀስ የሚገባንን ነበር ያለቀስነው።