የበዓሉ ግርማ ሕይወትና አጠፋፍ

በአገራችን ወግ ሰው ሲሞት ይለቀሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። የጠፋ ሰው ግን ለዚህ ወግ አይመችም። አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ሙት ዓመቱስ በየትኛው ወር ይዋል? ደራሲውና ጋዜጠኛው በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጥቶ ከቀረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሕይወት ይኖራል ብሎ የሚጠብቅም የለም። ሆኖም መቃብሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ ማውሳት፣ ይልቁንም ለተማሪ አንባቢ፣ ተገቢ ይመስለናል።

በዓሉ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለው ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ኒውስ ኤንድ ቪውስ የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። እንግዲህ አገር ያወቀው ብዕር የተሳለው እንደ እኛዋ መጽሔት በተማሪ እጅ በምትዘጋጅ ገጽ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የተሰለፈው በጋዜጠኝነት ሙያ ነው። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በየተራ አዘጋጀ። ከአብዮቱም በኋላ በኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ኃላፊነት፣ ከዚያም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ሹመት ሠራ። ቀን የመንግሥትን ቃል ሲያሰራጭ ውሎ፣ ልቦለዱን በራሱ ጊዜ ይጽፍ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ከአድማስ ባሻገር፣ በ1966 ዓ.ም. የኅሊና ደወል ታተሙለት። የቀይ ኮከብ ጥሪ፣ ደራሲውና ሐዲስ ተከተሉ። በሐዲስ ውስጥ የተወለደበትን የኢሉባቦርን ምድር በአንድ ወጣት መምህር ዓይን አሳይቶናል።

ዕጣውን የወሰነው ግን ስድስተኛው ልቦለድ ነው። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት የኤርትራን ጦርነት በአንድ ጊዜ ለመደምደም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት፣ በዓሉም ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ዘመተ። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። በዓሉ ያየውን ይዞ ተመልሶ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን አሳተመ። ባለ ታሪኩ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ ይሄዳል፤ በዚያም የፊያሜታን ፍቅርና የጦርነቱን ከንቱነት አንድ ላይ ያገኛል። ስሙ ተለውጦ የተጻፈው ባለሥልጣን ሁሉ ማን እንደ ሆነ አንባቢው አላጣውም፤ ባለሥልጣኑም ራሱን አላጣውም። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በኋላ ኦሮማይ በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት ነበር። በዓሉ በቮልስዋገን መኪናው ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መኪናው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ከመካከላችን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በአሮጌው መንገድ የሚመጣ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ምን እንደ ተፈጸመ የሚነግር ግን አንድም ምልክት አያይም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ብዙ የተሰወረ ነገር ተገለጠ። በ1984 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ፣ የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ መሪ የቄስ ጉዲና ቱምሳ አጽም ተገኝቶ ለየወገኑ ተመለሰ። የደርግ ባለሥልጣኖችም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለፍርድ ቀርበው በ1999 ዓ.ም. ተፈረደባቸው። የበዓሉ አጽም ግን አልተገኘም፤ ማን ወሰደው፣ በማን ትእዛዝ፣ የት ተቀበረ ለሚሉት ጥያቄዎችም የተረጋገጠ መልስ አልተሰጠም።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። ጠፋ ስንል ሰውየው በራሱ እግር ሄዶ የቀረ ያስመስላል፤ አድራጊውን ከአረፍተ ነገሩ ያወጣዋል። መጽሐፉ በትእዛዝ የታገደበት፣ ሥራው በትእዛዝ የተነጠቀበት ሰው በወራት ውስጥ ሲሰወር፣ ጠፋ ማለት ለአጥፊው መሸሸጊያ መስጠት ነው።

ሕጉ በበኩሉ ሁለት በር ከፍቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወሬው ለ2 ዓመት ያልተሰማን ሰው ፍርድ ቤት እንደ ጠፋ እንዲያውጅለት ይፈቅዳል፤ ይህ ለንብረትና ለቤተሰብ ጉዳይ መዝጊያ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ግን ሰውን አስገድዶ መሰወርን በይርጋ ከማይታገዱ፣ በምሕረትም ከማይታለፉ ወንጀሎች ቈጥሮታል። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ቢዘጋ እንኳ ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ዘመን በመቍጠር ብቻ አይዘጋም።

ኦሮማይ ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ በግልጽ ይሸጣል፤ በእንግሊዝኛም ተተርጕሟል። ያስፈራቸው መጽሐፍ ተርፏል። የጻፈውን እጅ የት እንዳኖሩት የሚያውቁ ሰዎች ግን በዕድሜ እያለፉ ነው፤ ምስክርነት ከምስክሩ ጋር ይቀበራልና፣ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት እነርሱ ሳያልፉ ነው።