ዴኒስ ሪቺና ትንሿ ኮከብ

በከሚሴና በአካባቢው ዓሊ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ስሙንም አንዱ በዐይኑ «ዓ»፥ ሌላው በአልፋው «አ» ይጽፈዋል። የአንድ ተማሪ ውጤት በኮምፒዩተር ውስጥ «ዓሊ» በሚል ስም ተቀምጦ ሳለ ጸሓፊው «አሊ» ብሎ ቢፈልገው ላያገኘው ይችላል። ልጁም ተፈትኖ ሳለ እንዳልተፈተነ ሊቈጠር ነው። ክቡራን አንባብያን፥ ለዚህ ዐይነቱ ችግር የሚረዳ ዘዴ የሠራውን ሰው ታሪክ ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዴኒስ ሪቺ በ1941 በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የቤል ላብራቶሪ ሊቅ ነበር። ልጁም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሒሳብ ከተማረ በኋላ በ1967 በዚያው በአባቱ መሥሪያ ቤት ገባ። ከ1969 ጀምሮም ከጓደኛው ከኬን ቶምሰን ጋራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት ለማቋቋም ደከመ።

በ1971 በወጣው የመጀመሪያው ዩኒክስ ውስጥ ግሎብ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነበረች፤ የጻፋትም ሪቺ ነው። ሥራዋ እንዲህ ነው። ኮከብ (*) በተጻፈበት ስፍራ ማናቸውም ፊደላት፥ ቢበዙም ቢያንሱም፥ ጭራሽ ባይኖሩም ይቈጠራሉ። የጥያቄ ምልክት (?) ግን የአንድ ፊደል ምትክ ብቻ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ብዙ ፊደላት ቢጻፉ ከመካከላቸው አንዱ ይበቃል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተሩ የግእዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን [አዓ]ሊ* ብሎ የጻፈ ሰው በሁለቱም ፊደል የተጻፉትን ፋይሎች ባንድ ጊዜ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ኮከቧ ስትሰበስብ እንደምትጠቅም፥ ስታጠፋም እንዲሁ ትጎዳለች። እኔም አንድ ቀን ከማጥፊያው ትእዛዝ አጠገብ ኮከብን ለብቻዋ ጽፌ የወር ሙሉ ጽሑፌን ባንድ ቅጽበት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በኮከቧ አስቀድሜ የፋይሎቹን ዝርዝር ሳላይ ምንም አላጠፋም።

ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። በ1983ም ከቶምሰን ጋራ የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ። በ2011 በጥቅምት ወር ሲሞት እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ገና ፊደል አልቈጠርንም ነበር። ዛሬ ግን የልጅን ስም በኮምፒዩተር የምንመዘግበው እኛ ነንና፥ ከመጻፋችን በፊት ባለቤቱን በየትኛው «አ» እንደሚጽፈው እንጠይቀው።