የማስታወስን ምሥጢር የመረመሩት ፕሮፌሰር ሉሪያ

በየቤታችን ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ የሚረሱ ወይም በድንገተኛ ሕመም ምክንያት ቃል የሚጠፋባቸው አባቶችና እናቶች አይታጡም። ለጊፋታ ከሩቅ የመጣ ልጃቸውን ማን ነህ ብለው ሲጠይቁት ቤተ ሰቡ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ከእንግዲህ አለቀላቸው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ልክ እንዳልሆነ በሥራቸው ያሳዩት ሰው የሥነ ልቡናው ምሁር ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ሉሪያ ናቸው። ስለዚህ ታሪካቸውን ለዕድራችን አባሎች በአጭሩ አቀርባለሁ።

ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1902 በሩሲያ፣ ካዛን በምትባል ከተማ ከሐኪም ቤተ ሰብ ተወለዱ። በካዛን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1921 ከጨረሱ በኋላ ወደ ሞስኮ ሄዱ። በ1924 ከሌቭ ቪጎትስኪ ጋር ተዋወቁና የሰው አእምሮ የሚበስለው ከሰው ጋር በመኖር፣ በቋንቋና በትምህርት ነው የሚለውን ሐሳብ አብረው አዳበሩ። ቪጎትስኪ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ገና በ37 ዓመታቸው ሲሞቱ ሉሪያ ሥራውን ቀጠሉ። የታወቁ ምሁር ከሆኑም በኋላ እንደ ተማሪ ተቀምጠው ሕክምና ተማሩና በ1937 ተመረቁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኡራል ተራሮች አካባቢ ጭንቅላታቸውን ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል አደራጁ። ከወታደሮቹ አንዱ በ1943 በጥይት የተመታው ዛሴትስኪ ነበር። ይህ ወጣት ንባብ ጠፋበት፤ የገዛ ሰፈሩ እንግዳ ሆነበት። ፊደል በፊደል መጻፍ አቅቶት ሳለ ሳያስብ፣ እጁን ሳያነሣ ቃሉን ባንዴ እንዲጽፍ ሲያደርጉት እጁ የለመደውን አልረሳም ነበር። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ያህል እየታገለ ወደ 3000 ገጽ የሚሆን የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ። ፈጽሞ አልዳነም፤ ግን ሰውነቱን አላጣም። ሉሪያም ታሪኩን በ1971 በመጽሐፍ አወጡ።

ሌላው ሼሬሼቭስኪ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። የዚህ ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መርሳት አቃተው! 70 ቃል ቢነበብለት ሁሉንም በተራ ይመልሳል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በድንገት ቢጠየቅም አይስትም። ቃላቱን በሚያውቀው መንገድ ዳር እንደ ሥዕል እየደረደረ ነበር የሚያስታውሳቸው። ነገር ግን ሥዕሉ እየተደራረበበት የአንድን ንግግር ፍሬ ነገር መያዝ ይቸግረው ነበር። ከዚህም መርሳት ራሱ ለጤነኛ አእምሮ እንደሚያስፈልግ እንረዳለን።

ፕሮፌሰሩ እንዳስረዱት ማስታወስ በአንጎል አንድ ጥግ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ብዙ የአንጎል ክፍሎች እንደ ደቦ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። አንዱ ቢጎዳ ሌላው በሌላ መንገድ ሊያግዝ ይችላል። ለምሳሌ ፓርኪንሰን በሚባለው በሽታ ምክንያት በሜዳ ላይ መራመድ ያቃተው ሰው ወለሉ ላይ ወረቀት ሲደረደርለት በየወረቀቱ ላይ እየተሻገረ ይራመዳል።

ሉሪያ ፈተና አላጡም። በ1950 አካባቢ በፖለቲካ ግፊት ከአንጎል ቀዶ ጥገናው ተቋም ወጥተው የአእምሮ ዕድገት ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር ሠሩ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ወደ ቀድሞው ምርምራቸው ተመለሱ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ቆይተው በነሐሴ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ለእኛ ለሶዶና ለአካባቢዋ የዕድር ሰዎች ትምህርቱ ምንድን ነው? አፉ ባንዴ የተያዘ ወይም ጎኑ የሰነፈ ሰው ሲያጋጥም ነገ ይሻለዋል ሳይባል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይድረስ። ቀስ በቀስ የሚረሳውንም ምን ጠፋበት ብቻ ሳይሆን ምን ቀረለት ብለን እንጠይቅለት። ስማችንን ቢረሳ እጁ ጥጥ መፍተል፣ አፉ ጸሎትና የድሮ ዘፈን አይረሳ ይሆናል፤ በዚያ በኩል እንቅረበው። ዕድር ድንኳን የሚተክለው ሰው ሲሞት ነው። ስሙን የረሳ አባል ግን አልሞተም፤ መዝገባችን ላይ አለና በቁሙ እንጠይቀው።