ኦኔሲሞስ ነሲብና የእርሳስ ፊደል

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አቋርጦ ያልፋል። በእነዚህ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ገበያ ለሚነገረው ለኦሮሞ ቋንቋ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያስገኙለት፣ በሕፃንነታቸው በባርነት የተሸጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ በ1856 ገደማ ተወለዱ፤ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም በስዊድን አገር ተማሩ። ከዚያ በሸዋ በኩል ወደ ወገናቸው ለመድረስ ተነሥተው በ1886 እንጦጦ ቢደርሱም፣ ወደ ምዕራብ ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው ወደ ምፅዋ ተመለሱ። እግራቸው ያልደረሰበት መጽሐፍ ይድረስ ብለው ብዕራቸውን አነሡ።

በዚያን ጊዜ የኅትመት ሥራ እንዲህ ነበር። ከእርሳስ የተቀለጠው እያንዳንዱ ፊደል ተገልብጦ የተቀረጸ ነው። ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ አንድ በአንድ እያነሣ መስመር ይሠራል፤ ገጹ በብረት ክፈፍ ይታሰራል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀቱም ይጫንበታል። ገጹ ከታተመ በኋላ ፊደሉ ተበትኖ ለሌላ ገጽ ያገለግላል። ለቀማው ለአንድ ቅጅም ለሺህ ቅጅም ድካሙ እኩል ስለሆነ፣ ለጥቂት ቅጅ የጸሐፊ ብዕር ይበቃል፤ መኪናው የሚጠቅመው ለብዙ አንባቢ ሲታተም ነው።

የላቲን ፊደል 26 ሲሆን የእኛ ከ200 ይበልጣል፤ ስለዚህ ሣጥኑም ድካሙም ይበዛል። በዚህ ላይ አንድ አምቦዬ እንግዳውን «ዹጊ»፣ ማለትም «ጠጣ» ሲለው የሚሰማው ድምፅ በግዕዝ ፊደል አልነበረም። ለዚህም ከደ ላይ ምልክት ተጨምሮበት ዸ ከነርባታው ለኅትመት ዋለ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ታተመ። አስቴር ጋኖ ቃላትንና ተረቶችን በመሰብሰብ ረዳቻቸው፤ በ1894ም የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

አባ ገመቺስ ተብለው የተጠሩት ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በ1931 ዐረፉ። ዛሬ የእርሳሱ ፊደል ቦታውን ለኦፍሴትና ለኮምፒውተር ለቋል፤ የአምቦ ልጆችም ኦሮምኛን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ሆኖም መንገድ የተዘጋበት ሰው በእርሳስ ፊደል አማካይነት ቃሉን ከራሱ አስቀድሞ አገሩ ማድረሱ አይረሳም።