ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ)፦ የመስጂዱ ድንኳን አስታማሚ

ስለ ነርስነት ሙያ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በ1854 (እ.ኤ.አ) በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ለመርዳት ወደ ኢስታንቡል ወደ ዘመተችው እንግሊዛዊት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ውለታዋን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከእርሷ ከ1,200 ዓመታት በፊት በመዲና፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ፣ በድንኳኗ ቁስለኛን ታስታምም የነበረችውን ሴት ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃታል? እርሷም ከአስለም ጎሣ የተገኘችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ናት።

በዘመናችን ጽሑፎች ብዙ ተጨምሮላታል። የጥንቶቹ የሲራ መጻሕፍት የሰጧት ጥቂት መስመሮችን ነው፤ እነርሱም ይበቃሉ። ቁስለኛን ታክም፣ ጠዋሪ ያጣውንም ሙስሊም ምንዳዋን ከአላህ በመሻት ራሷ ታገለግል ነበር። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (627 እ.ኤ.አ) በኸንደቅ ዘመቻ የአውሱ መሪ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱን በቀስት ሲመታ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቅርብ ሆነው ይጠይቁት ዘንድ ወደ እርሷ ድንኳን እንዲወሰድ አዘዙ። ባለፉ ቁጥር እንዴት እንዳደረና እንዴት እንደዋለ የሚጠይቁት ራሱን ሕመምተኛውን ነበር። ሰዕድ ኋላ ቁስሉ ፈንድቶ አረፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ትውልድ ሐያእ ሕክምናን አላስቀረም። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ) በ7 ዘመቻዎች ቁስለኞችን አክማለች። ዑለሞችም የታመመችን ሴት ሴት ብታክማት እንደሚቀድም፣ ካልተገኘች ግን ወንድ በሚያስፈልገው መጠን ሊያያት እንደሚፈቀድ ገልጸዋል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚከብደው ሙስሊሞች አናሳ በሆኑባቸው የአውሮጳ ከተሞች ለሚኖሩ እናቶቻችን ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ይልቁንም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ያጠቃል። እናት ግን ሕመሟ ከ10 ስንት እንደሆነ ብትጠየቅ አላህን አመስግና ዝም ትላለች። ሱጁድ መውረድ እንዴት እንደሆነላት ብትጠየቅ ግን ከመቼ ጀምሮ እንዳቃታት፣ ማንን ተደግፋ እንደምትነሳ ትዘረዝራለች። ይህን የምታውቅ ነርስ የበሽታውን ደረጃ በአንድ ጥያቄ ትለካለች፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሸሪዓው መፍቀዱን ካወቀች ደግሞ ምክሯ ጆሮ ያገኛል። አንዳንዱ ማስታገሻ በባዶ ሆድ ጨጓራን ስለሚጎዳም፣ በረመዳን የኪኒኑን ሰዓት ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር አብራ ታመቻቻለች። ሌላም አለ። ፀሐይ በሚያንስበት አገር ተሸፍና የምትኖር ሴት በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቷ ለስልሶ ሊያማት ይችላል፤ ይህም ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይምታታል። መድኃኒቱ ኪኒን ነው እንጂ ሒጃብ ማውለቅ አይደለም! በዚህ ጉዳይ የተሸማቀቀች እናት ተመልሳ ክሊኒክ አትረግጥም።

ወደ ሩፈይዳ እንመለስ። ኢብኑ ሰዕድ የዚያን ድንኳን ባለቤት ኩዐይባ ብሎ ይጠራታል፤ በ628 (እ.ኤ.አ) በኸይበር ዘመቻ መገኘቷንም ይመዘግባል። ከምርኮውም ድርሻ እንደተሰጣት ተዘግቧል። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ይሁኑ የሁለት፣ የታሪክ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል። ሙስሊሙ አናሳ በሆነባት ሕንድ፣ በኒው ዴልሂው ጃሚዓ ሐምደርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ነርሶች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ የሚጠራው በሩፈይዳ ስም ነው።