ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት የዶክተር አክሊሉ ለማን የሕይወት ታሪክ ነው።

እኔ እሳቸውን የመረጥኩት ክፍላችን ውስጥ በተነሳ ክርክር ምክንያት ነው። እንደምታውቁት ሚኤሶ ሙቀት ነው፣ አቧራ አለ፣ ዝንብም አይጠፋም። ዓይኑ የቀላ ልጅ ሲኖር አንዱ ቅጠል ተጨምቆ ይንጠብበት ይላል፣ ሌላው የባህል መድኃኒት ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ሁለቱም ግን ሞክረው አላዩም። ዶክተር አክሊሉ ሞክረው ያዩ ሰው ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ የሐረርጌ ልጅ ናቸው። አሜሪካን ሀገር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ። በ1964 አድዋ ሄደው ስለ ቢልሃርዝያ ያጠኑ ነበር። ቢልሃርዝያ በትል የሚመጣ በሽታ ነው። ትሉ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሆድ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ ሰው ጋ አይደርስም።

ታዲያ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድ ድሮ እንደ ሳሙና ነጠላ የሚታጠብበት ፍሬ ነው፤ በኦሮምኛ ሀንዶዴ ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ትንሽ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይሄን ነው፤ ምንም ውድ መሣሪያ አላስፈለገማ!

አንድ ጊዜ አይተው ግን አልተዉትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ሆነው የትኛው የእንዶድ ዓይነት እንደሚበረታ መረጡ። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ወንዙ ውስጥ እንዶድ እየተጨመረ ሲጠና፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት በሽታው የነበረባቸው ከመቶ 50 ነበሩ፤ በመጨረሻ ወደ 7 ወረዱ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ውጭ ያሉት ቶሎ አልተቀበሉትም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ምርመራ አይበቃም፣ እነሱ ጋ ባለው ላቦራቶሪ እንደገና ይሠራ ተባለ። ለዚያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ዓመታት አለፉ። እኔን ይሄ አናዶኛል። በኋላ በካናዳ ድርጅት ድጋፍ ምርመራው ተሠራ። እውነቱን ለመናገር እሱም ጠቅሟል፤ እንዶድ ዓሣ እንደሚገድልና ዓይንን ክፉኛ እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። ስለዚህ ለወንዝ ጥሩ ነው ብላችሁ ዓይናችሁ ላይ እንዳታደርጉት!

ዓይን ካነሳን አይቀር፣ ቻይናም ለዓይን የሚሆን የቅጠል መድኃኒት ከጥንት ጀምሮ አለ። ትራኮማ የሚያመጣውን ጀርም በ1950ዎቹ ለይተው ያወጡት ታንግ ፌይፋን የሚባሉ ቻይናዊ ናቸው፤ እውነት እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ በራሳቸው ዓይን ላይ አደረጉት። ጀርሙ ስለታወቀ ዛሬ የሚገድለው እንክብልና ቅባት አለ። በዝንብ፣ በእጅና በፎጣ ስለሚተላለፍ ፊት መታጠብም ይከላከለዋል። ያ በክፍላችን የተባለው ቅጠል ግን እንደ እንዶዱ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ገና አልተፈተነም።

ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ በ1989 ስዊድን ሀገር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።