ፓርቲ ባልነበረበት ዘመን ለምክር ቤት የተወዳደሩት ወይዘሮ



እኔ በጋምቤላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ ምርጫ በማስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከታላላቆቹ ፓርቲዎች አንዱን ያልተጠጋ ሰው ቢወዳደር ድካሙ ከንቱ አይሆንም ወይ የሚል ነው። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ጥያቄውን ለራሳቸው አክብደው ያቀርቡታል። እኔም የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ለአንባቢዎችም በአጭሩ ላቅርበው።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮን የተማሩ የመንግሥት ሰው ስለ ነበሩ፣ ሴት ልጅ ከማጀት አትውጣ በሚባልበት ዘመን ልጃቸውን ወደ ስዊስ አገር ልከው አስተማሩ።

የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ ወርደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። የዚያ ጊዜ የምዕራብ መናኸሪያ ጎሬ ነበረች። ጎሬ ማለት ቡናዋን በጋምቤላ በኩል፣ በባሮ መርከብ፣ ወደ ሱዳን ትልክ የነበረች ጎረቤታችን ናት፤ ስለዚህ ታሪኩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በኋላም ተማርከው ኢጣልያ ውስጥ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ የማስተማር ሥራ ያዙ፤ የእቴጌ መነን ሴቶች ትምህርት ቤትም ዲሬክትሪስ ሆኑ። ቴአትር እየደረሱ በተማሪዎቻቸው ያሳዩ ነበር።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ቀድሞ አባሎቹን መኳንንትና ሹማምንት ይመርጡለት የነበረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ተደነገገ፤ ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። ፓርቲ ስላልነበረ ተወዳዳሪው ሁሉ በግሉ ይቀርብ ነበር። ወይዘሮ ስንዱም በአዲስ አበባ ቀርበው ተመረጡ፤ የመጀመሪያዪቱም ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

እርግጥ ነው፣ የዚያ ዘመን ምክር ቤት ሥልጣኑ ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ጠባብ ነበር፤ ዛሬም ፓርቲዎች ስላሉ ለብቻ መወዳደር ያን ጊዜ እንደ ነበረው አይደለም። ይኽን ለተማሪዎቼ አልሸሽግም። ነገር ግን ሴት ልጅ ከወንድ እኩል ትማር፣ አገርም ታገልግል የሚለውን ሐሳብ ወይዘሮ ስንዱ ከምርጫው ብዙ ዓመት አስቀድመው በሥራ ያሳዩ መሆናቸውን አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ለምርጫ የቀረቡት ሥራቸው አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ከሚገቡት ሴቶች ልጆች መካከል አንዳንዶቹ ዐሥራ ሁለተኛን ሳያዩ ይቀራሉ። ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ነገ ለእንደራሴነት ብትቀርብ በምን ሥራ ትታወቃለች? ስለዚህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በየቤታችሁ ለሥራ ያስቀመጣችኋትን ልጃገረድ የማታ ትምህርት እንኳ እንድትማር ፍቀዱላት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

አንድ መምህር፣ ከጋምቤላ